ለአንድ መጋዝ ብቻ የሚሆን ገንዘብ አለኝ፤ የቱ ይቅደም?

ጥያቄ፦ «ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ 3 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነች ሰርቪስ ክፍል አለችኝ፤ ከፊቷም ትንሽ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ቦታ አለ። ቅዳሜና እሑድ ለቤታችን የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ቀጥሎ ቁም ሳጥን፣ እግዜር ካለ ደግሞ የኩሽና ካቢኔት መሥራት እፈልጋለሁ። እስካሁን የምሠራው በእጅ መጋዝ ነበር። መርካቶ አንድ ባለ 10 ኢንች የጠረጴዛ መጋዝ አይቼ ልቤ እዚያው ቀርቷል። የባለቤቴ ወንድም ግን ‹ግራይንደር አለህ አይደል? የእንጨት ዲስክ ግጠምለትና ቁረጥ፤ ብርህን አታባክን› ይለኛል። አሜሪካ የሚኖር ጓደኛዬ ደግሞ በቅርቡ ስለሚመጣ ‹ከዚህ ላምጣልህ› ብሎኛል። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ መጋዝ ነው። የቱን ልግዛ? — ጀማሪው አናጢ»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእጅ ሰርኩላር (ክብ ምላጭ ያለው፣ በእጅ ተይዞ እንጨቱ ላይ የሚገፋ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ይግዙ። ምላጩ 185 ሚሊ ሜትር (በተለምዶ 7 ኢንች ከሩብ የሚባለው)፣ ኃይሉ ከ1,200 እስከ 1,400 ዋት የሆነ ይበቃዎታል። የጠረጴዛ መጋዙን ለጊዜው ይተዉት። የግራይንደሩን ሐሳብ ግን ጨርሶ ይተዉት።

የጠረጴዛ መጋዝ መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም። ቀጥ ያለ ረጅም ስንጥቅ ለማውጣትና አንድ ዓይነት ስፋት ያላቸውን ሃያ ጣውላዎች በተከታታይ ለመሰንጠቅ የሚወዳደረው የለም። ችግሩ በእሱ ላይ ወደ ምላጩ የሚሄደው እንጨቱ መሆኑ ነው። አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ቦርድ) 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ 18 ሚሊው ወደ 38 ኪሎ ይመዝናል። ይህን በቁመቱ ለመሰንጠቅ ከምላጩ በፊት 2.44 ሜትር፣ ከምላጩ በኋላ 2.44 ሜትር፣ በጠቅላላው 5 ሜትር ገደማ ነጻ ቦታ ይፈልጋል። የእርስዎ ክፍል ረጅሙ ጎኗ 3 ሜትር ነው። ማሽኑን ወደ ውጭ ቢያወጡትም 38 ኪሎ ቦርድ ብቻዎን እየገፉ ከመምሪያው (ቦርዱ ተደግፎ ከሚሄድበት ቀጥ ያለ ብረት) ሳያላቅቁ ማስኬድ አይቻልም። ቦርዱ በአንድ ሚሊ እንኳ ጠመም ካለ የምላጩ የኋላ ጥርሶች ይይዙትና ወደ ሆድዎ ይወረውሩታል። ሰርኩላሩ ግን ራሱ ወደ እንጨቱ ይሄዳል። ቦርዱ መሬት ላይ ተኝቶ 4 ኪሎ ገደማ የሆነ ዕቃ ነው የሚያንቀሳቅሱት፤ ሲጨርሱም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

የግራይንደሩን ነገር በአጭሩ እንናገር። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይሽከረከራል። የተሠራውም ብረትና ድንጋይ ለመፋቅ እንጂ ጥርስ ላለው ምላጭ አይደለም። ከሥሩ እንጨቱ ላይ የሚቀመጥ መቀመጫ የለውም፣ ጥልቀት አይለካም፣ መከላከያው የምላጩን ግማሽ ብቻ ነው የሚሸፍነው። የመፍጫ ድንጋይ እንጨት ውስጥ ቢነክስ ይንሸራተታል። ጥርስ ያለው ዲስክ ግን ቆንጥጦ ይይዝና ማሽኑን በሙሉ ኃይሉ ወደ ያዘው ሰው ይመልሰዋል። ጭን፣ አንጓ፣ አንገት የሚቆረጠው እንዲህ ነው። የባለቤትዎ ወንድም ብር ሊያድኑልዎ ነው፤ ግን እዚህ ላይ አይስሟቸው።

ወደ ሰርኩላሩ እንመለስ። 185 ሚሊው ምላጭ ቀጥ ብሎ ሲቆም ወደ 65 ሚሊ፣ በ45 ዲግሪ ሲጋደም ደግሞ ወደ 45 ሚሊ ይቆርጣል። ይህ ለኤምዲኤፍ፣ ለቺፑድ፣ ለኮምፔርሳቶ፣ ለ5 ሳንቲም የዋንዛ ጣውላና ለሞራሌ በቂ ነው። ትልቁን 235 ሚሊ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ለኮንስትራክሽን ጥሩ ነው፤ ለቤት ሥራ ግን ክብደቱ እጅን ያደክማል፣ የደከመ እጅ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አያወጣም።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢም ሆነ መርካቶ ሲገዙ ሻጩ በካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል እንዲያሳምንዎ አይፍቀዱ። ከካርቶኑ ያስወጡት። የማሽኑን መለያ ያንብቡ፤ ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ማለት አለበት። በአንዱ ካሬ ውስጥ ሌላ ካሬ ያለበት ምልክት ካለ ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ማሽን መሬት የሚገባ ሽቦ የሌላቸው የድሮ ቤቶች ውስጥም ይሠራል። ቀጥሎ ስፒናው ሳይሰካ የታችኛውን መከላከያ በእጅ ከፍተው ይልቀቁት። በራሱ ተስፈንጥሮ ካልተዘጋ አይግዙት። የመቀመጫው ብረት ላይ ስኳድራ ወይም ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድመው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሌላ ያስመጡ፤ የተጣመመ መቀመጫ የሚስተካከል አይደለም። ከዚያ በአንዱ ጥርስ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ከመቀመጫው ጠርዝ ያለውን ርቀት ከፊት ይለኩ፣ ምላጩን አዙረው ያንኑ ጥርስ ከኋላ ይለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ካለፈ ምላጩ ከመቀመጫው ጋር ትይዩ አይደለም፤ እየቆረጡ እያለ እንጨቱን በጎኑ ይፍቀዋል፣ ያቃጥለዋልም። በመጨረሻ የካርቦኖቹ (መብራቱን ወደሚሽከረከረው የሞተር ክፍል የሚያስተላልፉት ትንንሽ ቁራጮች) ክዳን ከውጭ በካቻቢቴ የሚፈታ መሆኑን ይመልከቱ። ካርቦን የሚያልቅ ነገር ነው። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ሳያፈርሱ የሚቀየር ከሆነ በአሥር ደቂቃ ሥራዎ ላይ ይመለሳሉ።

ያገለገለ ዕቃ የሚያዋጣው አስነስተው ማየት ከተቻለ ብቻ ነው። በማቀዝቀዣው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲያዩ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ የተለመደ ነው፤ ዙሪያውን የሚጠመጠም ቢጫ እሳት ግን የአርማቸሩን (ሽቦ የተጠመጠመበትን የሚሽከረከር የሞተር ክፍል) መጨረሻ ያመለክታል። ካጠፉት በኋላ እየቆመ ሲሄድ የሚያንቋርር ከሆነ ኩሽኔታው ሄዷል። ኩሽኔታ ርካሽ ነው፤ አርማቸር ማስጠምጠም ግን ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ታዋቂ ስም ተለጥፎበት ዋጋው ከሌሎቹ በግማሽ የወረደ «አዲስ» ማሽን ካዩም አስመስሎ የተሠራ ነው ብለው ይለፉት። በራሱ ስም የሚሸጥ መካከለኛ ዕቃ ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ገንዘብዎን በሙሉ ማሽኑ ላይ አያፍስሱ። ካለዎት ከአሥር እጁ ስድስቱ ለመጋዙ፣ ሁለቱ ለምላጭ፣ የቀረው ለሞርሳ፣ ለገመድና ለጭምብል ይሁን። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ምላጭ አብዛኛውን ጊዜ 24 ጥርስ ነው። ጣውላ በቁመቱ ለመሰንጠቅ ጥሩ ነው፤ ሜላሚን የለበሰ ኤምዲኤፍ ላይ ግን ጠርዙን ይሸራርፈዋል። 60 ጥርስ ያለው የካርባይድ ምላጭ ለብቻው ይግዙ። 40 ጥርሱ ሁለቱንም እንደ ነገሩ ይሠራል፤ አንድ ብቻ መግዛት ከተቻለ እሱ ይሁን። ምላጭ ሲገዙ ሦስት ነገር ይጣራል፤ ዲያሜትሩ፣ የመሐል ቀዳዳው (16፣ 20፣ 25.4 ወይም 30 ሚሊ ሊሆን ይችላል) እና ላዩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት። ይህ ፍጥነት ከመጋዙ ፍጥነት ማነስ የለበትም። ቀዳዳው ሰፍቶ «በቀለበት ይያዛል» ቢልዎ ከምላጩ ጋር የመጣ ቀለበት ካልሆነ አይቀበሉ።

ምላጩ እንጨቱን በልቶ የሚያልፈው ስፋት ሌላው የተረሳ ሒሳብ ነው። በወረቀት ላይ 122 ሳንቲም ለ4 ሲካፈል 30.5 ይመጣል። ምላጩ ግን በእያንዳንዱ መንገድ 2.5 ሚሊ ይበላል፤ በሦስት ቁርጥ 7.5 ሚሊ ይሄዳል፤ ሦስቱን 30.5 አድርገው ከቆረጡ አራተኛው 29.75 ሆኖ ይቀራል። መደርደሪያዎን 30 ሳንቲም ጥልቀት ያድርጉት፤ አራት ባለ 30 ቁራጭና አራት ቁርጥ 121 ሳንቲም ይሆናል፤ የተረፈው አንድ ሳንቲም የተጎዳውን ጠርዝ ማንሻ ነው። ሙሉ ሒሳቡን እነሆ። ቁመቱ 180፣ ስፋቱ 80 ለሆነ መደርደሪያ ከሁለቱ ቁራጮች ሁለት ባለ 180 ጎን ያወጣሉ። ከ80ው ላይ የሁለቱ ጎኖች ውፍረት፣ ማለትም 3.6 ሳንቲም፣ ሲቀነስ 76.4 ይቀራል። ከቀሩት ሁለት ቁራጮች እያንዳንዳቸው ሦስት ባለ 76.4 ይሰጣሉ፤ ላይኛው፣ ታችኛውና መሐሉ ላይ አራት መደርደሪያ ማለት ነው። አንድ ቦርድ ሙሉ ዕቃውን ያወጣልዎታል። ለጀርባው ብቻ 3 ሚሊ ኤምዲኤፍ ይጨምራሉ። መስመር ሲያሰምሩም ምላጩ ሁልጊዜ በሚጣለው ወገን እንዲያልፍ የሚፈልጉትን ወገን በመስቀል ምልክት ያድርጉበት።

ሰርኩላር በባዶ እጅ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ልምድ ያለውም ቢሆን 2 ሜትር ላይ ይወላገዳል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ መደርደሪያው ሳይሆን የመጋዙ መንገድ ይሁን። 6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ 35 ሳንቲም ስፋትና 2.5 ሜትር ርዝመት ያለው (የቦርዱ ርዝመት 2.44 ከሆነ እሱኑ) ያግኙ። በላዩ ላይ፣ በአንዱ ረጅም ጎኑ በኩል፣ 12 ሚሊ ውፍረትና 10 ሳንቲም ስፋት ያለው የኤምዲኤፍ ቁራጭ በኮላ ይለጥፉ፤ በየ20 ሳንቲሙም በአጭር ብሎን ይያዙት። ወደ መሐል የሚዞረው ጠርዝ ከፋብሪካ እንደመጣ ሳይነካ የቀረው መሆን አለበት፤ የእርስዎ ቀጥታ ሁሉ የሚወረሰው ከእሱ ነው። ኮላው ከደረቀ በኋላ የመጋዙን ሰፊ ወገን መቀመጫ በዚያ ጠርዝ ላይ አስደግፈው ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ይቁረጡ። የኮምፔርሳቶው ትርፍ ይወድቃል፤ የቀረው ጠርዝ ምላጩ በትክክል የሚያልፍበት መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ጠርዝ በእርሳስ መስመርዎ ላይ ማጋደም፣ በሁለቱ ጫፍ በሞርሳ ማሰር፣ መግፋት ብቻ ነው። ሁለተኛ 1.3 ሜትር የሆነ ለአግድም ቁርጥ ይሥሩ። ላይኛው ቁራጭ 18 ሚሊ ቢሆን ችግር አለው፤ ምላጩ ዝቅ ሲል የሞተሩ ቤት ይገጨዋል። ሞርሳውንም በጠርዙ ዳር እንጂ ሞተሩ በሚያልፍበት አያስሩት። ምላጩን በሌላ ውፍረት ከቀየሩ መንገዱ ዋጋ የለውም፣ አዲስ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው የምላጩን ምርጫ ቀድመን ያነሳነው።

ቦርዱን መሬት ላይ ያስተኙ፤ ከሥሩ አራት ሞራሌ፤ ሁለቱ ከመስመሩ ግራ፣ ሁለቱ ከቀኝ። ጫፍና ጫፉን በሁለት ወንበር አስደግፈው መሐሉን አየር ላይ ከተዉት ቁርጡ መሐል ሲደርስ ቦርዱ ይረግባል፣ የተከፈተው መስመር ይዘጋል፣ ምላጩ ይቆነጠጣል፤ ከዚያ መጋዙ ይራገጣል። የሰርኩላር አደጋ አንዱ ዋና ምንጭ ይህ ነው። ሞራሌው አራት ከሆነ ሁለቱም ቁራጮች በየቦታቸው ተኝተው ይቀራሉ። ጥልቀቱንም ይለኩ፤ 18 ሚሊ ቦርድ፣ 6 ሚሊ መንገድ፣ ከዚያ በታች 4 ሚሊ፣ ድምር 28። ምላጩን እስከ መጨረሻው አውርዶ መቁረጥ እንጨቱን የበለጠ ይሸራርፋል፤ ቢራገጥም የሚነካው ብዙ ጥርስ ይሆናል። ጥሩው ፊት ወደ መሬት ይዙር፤ የሰርኩላር ጥርስ የሚወጣው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ የሚሸራረፈው የላይኛው ፊት ነው። (በጠረጴዛ መጋዝ ተገላቢጦሽ ነው።) ሁለቱም ፊት የሚታይ ከሆነ መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው ከላዩ በከተር አንድ ጊዜ ይጫሩ።

መጋዙ ሙሉ ፍጥነት ሳይደርስ እንጨቱን አያስነኩት። ከመስመሩ ኋላ ሳይሆን በጎን ይቁሙ ወይም ይንበርከኩ። መስመር ከሳቱ ለማረም አይጠምዝዙ፤ ጣትዎን ከማስነሻው ያንሱ፣ ምላጩ እስኪቆም እዚያው ይጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመልሱት። እየተሽከረከረ ወደ ኋላ መጎተት እንዲረግጥ መጋበዝ ነው። በየሥራ ቤቱ የታችኛውን መከላከያ በሽቦ ወይም በሽብልቅ ከፍተው አስረው የሚሠሩ አሉ። መጋዙን መሬት ሲያስቀምጡት ገና እየዞረ ያለው ምላጭ ወለሉን ነክሶ ወደ እግር ይሮጣል። ሰው ሲያደርግ ያዩትን ሁሉ አያድርጉ።

የእንጨቱን ዓይነትም ያስቡበት። ባህር ዛፍ በውስጡ የታመቀ ጉልበት ስላለው በቁመቱ ሲሰነጠቅ ከኋላ መስመሩን ይዘጋዋል፤ 30 ሳንቲም ከሄዱ በኋላ ማሽኑን አጥፍተው ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ይሰኩበት። ዋንዛ ሲደርቅ ለመጋዝ የዋህ ነው፤ እርጥቡ ግን ሰጋቱራው ከምላጩ ጋር ይለጠፋል። ከግንባታ የተረፈ ሞራሌ የሚጠቀሙ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ሲሚንቶውን ያራግፉ፤ ምስማሩን ደግሞ በማግኔት ይፈልጉ። አንድ የተሰበረ ምስማር 60 ጥርስ ያለውን ምላጭ በሰከንድ ያበላሻል።

መብራቱን በተመለከተ፤ 1,400 ዋት መጋዝ በ220 ቮልት 6.4 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሲነሳ ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ምጣድ ተጥዶ እያለ ሰርቪሷ ውስጥ መጋዝ አይነሳም፤ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ብሬከሩ ካልወደቀ ደግሞ ቮልቴጁ ይወርድና ሞተሩ እየጮኸ ይሞቃል። ገመዱ 15 ሜትር ከሆነ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ያሠሩ። ለቴሌቪዥን የሚሆነውን ቀጭን ማከፋፈያ አይጠቀሙ። የተጠመጠመ ገመድም ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ ተጠምጥሞ ሲሠራ ይሞቅና ፕላስቲኩ ይቀልጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በማራገቢያው የሚገባው አየር ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ከቆላ ባነሰ ነው። ሁለት ሦስት ረጅም ቁርጥ ካወጡ በኋላ መጋዙን ሳያስነኩ ለግማሽ ደቂቃ በባዶው ያሽከርክሩት። ድንገት አጥፍቶ ማስቀመጥ ሙቀቱን ውስጡ መቅበር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መብራት ሥራ መሐል ሲጠፋ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ማማረር ነው። ማስነሻውን የሚቆልፍ ቁልፍ ካለውና ተቆልፎ ከነበረ ግን መብራቱ ሲመጣ መጋዙ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ሲጠፋ መጀመሪያ ስፒናውን ይንቀሉ። የጠረጴዛ መጋዝ ወደፊት ሲገዙም ይህን ይጠይቁ፤ ጥሩው ማብሪያ መብራት ከጠፋ በኋላ ዳግም ካልተጫኑት አያስነሳም። እንዲሁም ከምላጩ ጀርባ የሚቆመውን ስስ ብረት ይመልከቱ። እንጨቱ ተዘግቶ ምላጩን እንዳይቆነጥጥ የሚያደርገው እሱ ነው። በብረታ ብረት ቤት ተበይደው በቀበቶ የሚሠሩት ጠረጴዛዎች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፣ መከላከያም የላቸውም። ጠንካሮች ናቸው፤ ለጀማሪ ግን አይመከሩም። አካላቸው ብረት ስለሆነ መሬት የሚገባ ሽቦም ግዴታ ነው።

የሌሎቹን ነገር በአጭሩ እንንገርዎ። ሁለተኛ የሚገዙት ጂግሶ (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚቆርጥ የእጅ መጋዝ) ይሁን። ለካቢኔት የዕቃ ማጠቢያ ቀዳዳ፣ ለክብና ለጥምዝ ሥራ ያለ እሱ አይሆንም። ከ500 ዋት በላይ፣ ጭራው የቲ ቅርጽ ያለውን ምላጭ የሚቀበልና የማወዛወዣ ደረጃ (ከ0 እስከ 3) ያለው ይምረጡ። ለኤምዲኤፍ 0 ላይ፣ ለሻካራ ጣውላ 2 ላይ ያድርጉት። ምላጩን ሲገዙ ለንጹሕ ቀጥታ ቁርጥ ቲ 101 ቢ፣ ለጥምዝ ቀጭኑ ቲ 101 ኤኦ፣ ለፈጣን ሻካራ ቁርጥ ቲ 144 ዲ ብለው ይጠይቁ። ምላጩ አንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ስለሆነ 5 ሳንቲም ዋንዛ ላይ ከታች ወደ ጎን ይሸሻል፤ መስመሩ ከላይ ቀጥ ብሎ ከሥር የተጣመመ ይወጣል። ለዚያ ሰርኩላሩን ይጠቀሙ።

ማይተር (ምላጩ ከላይ ወርዶ በማዕዘን የሚቆርጥ መጋዝ) የሚያስፈልግዎ የበር ጌጥ፣ ዞኮሎና የፎቶ ፍሬም ከበዛ ብቻ ነው። በቁመት አይሰነጥቅም፤ የማይንሸራተተው ባለ 10 ኢንች ከ14 ሳንቲም ገደማ በላይ የሆነ ሰሌዳ አይቆርጥም፤ ስለዚህ ለ30 ሳንቲም መደርደሪያዎ አይሆንም። ባንድ ሶው (ምላጩ እንደ ቀበቶ የሚዞር መጋዝ) ደስ የሚል ማሽን ነው፣ ግን አሁን አይደለም።

መጋዙ እስኪመጣ ሥራዎ እንዳይቆም ኤምዲኤፍ የሚሸጡበት ቤት የመቁረጫ ማሽን ካለው ረጃጅሞቹን አራት ስንጥቆች እዚያው ያስቆርጡ፤ ቦርዱን ወደ አራት ኪሎ ለማምጣትም ይቀላል። በቃል አይንገሯቸው። በሚሊ ሜትር የተጻፈ ዝርዝር ይዘው ይሂዱ፤ ቆራጩ የምላጩን ስፋት ማሰቡንም ይጠይቁ። ርዝመቱን ግን 5 ሚሊ አስተርፈው ቤት ውስጥ በራስዎ መጋዝ ይጨርሱት፤ የተጓጓዘ ጠርዝ መጎዳቱ አይቀርም። ስኳድራ ትንሽ ከሆነችብዎ ትልቅ ማዕዘን በ60፣ 80፣ 100 ይፈተናል፤ በአንዱ ጎን 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ምልክት አድርገው በሁለቱ መካከል ያለው በትክክል 100 ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው።

ሰጋቱራውን አይናቁ። የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ እጅግ ደቃቅ ነው፤ በውስጡም ፎርማልዲሃይድ ያለበት ማጣበቂያ አለ። የሐኪም ጭምብል አያስቆመውም፤ ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 ይግዙ። ሲሆን ሲሆን የሚቆርጡት ከክፍሉ ውጭ ሲሚንቶው ላይ ነው። ጓንት አይልበሱ፣ ምላጭ ጨርቅን ከነ ጣቱ ይጎትታል፤ ጋቢም ነጠላም ተጥሎ ይቀመጥ። ጆሮዎን ይሸፍኑ። ጎረቤት ጆሮ ላይ የሚሸፈን ነገር ስለሌለ ደግሞ እሑድ ከረፋድ በፊት አያስነሱት፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሚቆረጠውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆርጠው እሑድ ኮላና ብሎኑን ይሥሩ።

የአሜሪካው ጓደኛዎ መጋዝ እንዳያመጡ ይንገሯቸው። የዚያ አገር መጋዝ 120 ቮልት ነው፤ እዚህ ሶኬት ላይ በቀጥታ ከተሰካ አርማቸሩ ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይገዛ ቢባል 15 አምፔር የሚስብ መጋዝ ወደ 1,800 ዋት ስለሆነ ቢያንስ 2.5 ኪሎ ቮልት አምፔር ያስፈልገዋል። ያ ደግሞ ከባድ ብረት ነው፣ ዋጋውም ከመጋዝ ዋጋ አይርቅም። በባትሪ የሚሠራ ካሉ ግን ሐሳቡ መልካም ነው፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካልሆነ እዚህ የ220 ቮልት ቻርጀር የሚገኝለት ዓይነት መሆን አለበት። ባትሪዎቹን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይዘው ነው የሚገቡት፤ ባለ 18 ቮልት 5 አምፔር አወር ባትሪ 90 ዋት አወር ስለሆነ ከ100 በታች ነው፤ ባለ 6ቱ ግን 108 ስለሚሆን አየር መንገዱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ይፈልጋል። ኤምዲኤፍ በብዛት ለሚቆርጥ ሰው ባለገመዱ አሁንም ይሻላል፤ አንድ ባትሪ በጥቂት ረጃጅም ቁርጥ ያልቃል።

ለጓደኛዎ የሚሰጡት ትእዛዝ ምላጭና የጆሮ መሸፈኛ ይሁን። ምላጭ ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም፣ ጥሩው ካርባይድም እዚያ በቀላሉ ይገኛል። ሆኖም የአሜሪካ 7 ኢንች ከሩብ ምላጭ ቀዳዳው አምስት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 15.9 ሚሊ ነው፤ እዚህ የገዙት መጋዝ ዘንግ 20 ሚሊ ከሆነ አይገባም። መጋዙን መጀመሪያ እዚሁ ይግዙ፣ አብሮት የመጣውን ምላጭ አውጥተው ቀዳዳውን በካሊፐር ይለኩ፣ ቁጥሩንም በሚሊ ሜትር ጽፈው ይላኩላቸው።